የተበጠሰ የጉልበት ጅማት፦ ወደ ሜዳ ለመመለስ 9 ወር ለምን ያስፈልጋል?

የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ስፖርተኛ ክፉኛ የሚታለለው ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። እብጠቱ ጎድሏል፤ ማነከሱ ቀርቷል፤ ደረጃ ሲወርድ አያመውም፤ ቀጥ ባለ መስመር ሶምሶማ መሮጥ ጀምሯል። አሰልጣኙ “መቼ ነው የምትገባልን?” ይለዋል። የቡድን ጓደኞቹ “አንተ እኮ ድነሃል” ይሉታል። እሱም ጉልበቱን አጠፍ ዘርጋ አድርጎ ሲያየው ያምናቸዋል።

ውስጡ ግን ገና ነው። የተተከለለት ጅማት ገና እየተሠራ ነው። የጭኑ የፊት ጡንቻ ከጤነኛው እግር ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ በሩብ ያህል ይደክማል። በአደጋው ዕለት የተጨፈለቀው ልም አጥንት፣ ማለትም በመገጣጠሚያው ላይ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ ንጣፍ፣ ደግሞ የሕመም ነርቭ የለውምና ቢጎዳም አይናገርም። በዚህ ሁኔታ ሜዳ የገባ ሰው ዋጋውን ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል፦ በወራት ውስጥ ጅማቱ ዳግም ሲበጠስ፣ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ ደግሞ መገጣጠሚያው ሲበላ።

የሚበጠሰው የትኛው ነው?

ጉልበት ላይ የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት ይጋጠማሉ፤ ከፊት የጉልበት ሎሚ ይከልላቸዋል። በመገጣጠሚያው መሃል ሁለት ጅማቶች እንደ መስቀል ተላልፈው አጥንቶቹን ያስራሉ። ብዙ ስፖርተኛ የሚያጣው ከሁለቱ የፊተኛውን ነው፤ በሜዳ ቋንቋ ኤሲኤል የሚባለውን። ርዝመቱ ከ3 እስከ 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ውፍረቱ ከትንሿ ጣት አይበልጥም። ሥራው የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ጉልበቱ ያለልክ እንዳይጠመዘዝ መያዝ ነው። የጤነኛ ወጣት ኤሲኤል ሳይበጠስ 2,000 ኒውተን ያህል፣ በክብደት ሲታሰብ 200 ኪሎ ግድም የሚጎትት ኃይል ይችላል።

ብዙ ሰው ጅማት የሚበጠሰው በግጭት ይመስለዋል። ከ10 ጉዳቶች 7 ያህሉ ግን ማንም ሳይነካው የሚደርሱ ናቸው፦ ከዝላይ ሲያርፍ፣ በፍጥነት ሲሮጥ ድንገት ሲቆም፣ እግሩን ተክሎ አቅጣጫ ሲቀይር። እግር መሬት ከነካ በኋላ ጅማቱ የሚሄደው ከ50 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ዓይን ተርገብግቦ እስኪከፈት ድረስ እንኳ አይቆይም። “ልጠንቀቅ” ብሎ ማሰብ የማያድነው ለዚህ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ውስጥ ሐሳብ አይደርስም። ሊደርስ የሚችለው አስቀድሞ በሥልጠና የታነጸ ጡንቻ ብቻ ነው።

ኤሲኤል ብቻውን የሚበጠሰው አልፎ አልፎ ነው። በዚያችው ቅጽበት የጭንና የቅልጥም አጥንቶች ይጋጫሉ፤ ኤምአርአይ ከተነሱት ውስጥ አብዛኞቹ አጥንታቸው ውስጥ የመቀጥቀጥ ምልክት ይታይባቸዋል። ብዙዎቹ ሜኒስከሳቸውም ይቀደዳል። ሜኒስከስ በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተነጠፈ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ነገር ነው፤ በየጉልበቱ ሁለት ሁለት አለ። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ረጅሙ ጊዜ ስናወራ የምንመለሰው ወደ እሱ ነው።

ተተክሎ የሚሞት፣ ሞቶ የሚነሳ

የተበጠሰ ኤሲኤል በአብዛኛው ራሱን አይገጥምም፤ በመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ስለሚዋኝ ጫፎቹን አያይዞ የሚያቆይ የረጋ ደም አይገኝም። ስለዚህ ሐኪሙ ከራሱ ከስፖርተኛው ሌላ ጅማት ይወስዳል። አንዱ ምንጭ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ነው፤ መሃሉ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይዞ፣ በሁለቱም ጫፍ ቁራጭ አጥንት ተከትሎት ይወጣል። ሌላው ከጭን ኋላ ያሉት ሁለት ቀጫጭን ጅማቶች ናቸው፤ ታጥፈው ተደራርበው ይወፍራሉ። ሦስተኛው ከጉልበት ሎሚ በላይ ያለው የጭን የፊት ጡንቻ ጅማት ነው። ከሟች ለጋሽ የሚወሰድም አለ፤ በወጣት ስፖርተኞች ላይ ግን ይህኛው ከራስ ከሚወሰደው እጅግ የበለጠ ይበጠሳል፤ ለ18 ዓመት ተጫዋች የሚመከር ምርጫ አይደለም። በጭንና በቅልጥም አጥንት ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ ጅማቱ በዚያ ያልፋል፣ በብሎን ወይም በብረት ቁልፍ ይታሰራል።

ነገሩ ከዚህ በኋላ ነው የሚገርመው። የተተከለው ጅማት በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠንካራ ነው። ነገር ግን የደም ሥሩ ተቆርጦ ስለመጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጡ ያሉት ሕዋሳት ይሞታሉ። የቀረው ሕይወት የሌለው ገመድ ነው። ቀስ በቀስ ከዙሪያው አዳዲስ የደም ሥሮች ይገባሉ፣ አዳዲስ ሕዋሳት ይሰፍራሉ፣ አሮጌውን ክር እያፈረሱ በአዲስ ይተኩታል። ሰዎች እየኖሩበት ምሰሶው አንድ በአንድ የሚቀየር ቤት ማለት ነው። ፍርሰቱ ከግንባታው የሚቀድምበት ጊዜ አለ፤ በ2ኛውና በ3ኛው ወር አካባቢ ጅማቱ ከገባበት ዕለት ይልቅ የደከመ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ግንባታ ከ1 ዓመት በላይ፣ በአንዳንዱ 2 ዓመት ይወስዳል። ተሠርቶ ሲያልቅም ከተፈጥሮው ጅማት ጋር ፍጹም አንድ አይሆንም። በተለይ ጉልበቱ በየትኛው ማዕዘን ላይ እንዳለ ለአንጎል የሚናገሩት ጥቃቅን የነርቭ ጫፎች ከተበጠሰው ጅማት ጋር ይጠፋሉ።

ይህን ሂደት በአመጋገብም ሆነ በፍላጎት ማፋጠን አይቻልም። ለስፖርተኛ የሚከብደው እውነት ይህ ይመስለናል፤ በሌላው ሁሉ ጠንክሮ የሠራ ሰው ቀድሞ ይደርሳል፣ እዚህ ግን ሰውነት የራሱ ቀጠሮ አለው።

9 ወር የሚለው ከየት መጣ?

ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን። በ2016 የወጣ፣ በኦስሎና በአሜሪካዋ ደላዌር በጋራ የተሠራ ጥናት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ስፖርተኞችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ ነበር። ወደ ስፖርቱ መመለስ በ1 ወር በዘገየ ቁጥር ጉልበቱ ዳግም የመጎዳቱ ዕድል በግማሽ ያህል እየቀነሰ ሄደ፤ ይህ የቀጠለው እስከ 9ኛው ወር ነው። ከዚያ ወዲያ መቆየት ብቻውን ግልጽ ተጨማሪ ጥቅም አላሳየም። በዚያው ጥናት የጥንካሬና የዝላይ ፈተናዎችን ሳያልፉ ከተመለሱት 38 በመቶው ዳግም ተጎዱ፤ ሁሉንም አልፈው ከተመለሱት 6 በመቶ ያህሉ ብቻ። በ2020 የወጣ የስዊድን ጥናት ደግሞ ከ9 ወር በፊት ወደ ከባድ ስፖርት የተመለሱ ወጣቶች አዲስ የኤሲኤል ጉዳት የሚደርስባቸው ከቆዩት 7 እጥፍ ያህል በሆነ መጠን መሆኑን አሳየ።

ዕድሜ እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አለው። ብዙ ጥናቶችን የደመረ በ2016 የወጣ ትንተና ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከተመለሱት 23 በመቶው ሁለተኛ የኤሲኤል ጉዳት እንደደረሰባቸው አስልቷል፤ ከ4 አንድ ገደማ ማለት ነው። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ሌላም ነገር አለ፦ ሁለተኛው ጉዳት በጤነኛው ጉልበት ላይ የመድረሱ ዕድል በተሠራው ላይ ከመድረሱ አያንስም። ስፖርተኛው ሳያውቀው የተሠራውን እግር ያድናል፣ ሸክሙን ወደ ሌላኛው ያሳልፋል፤ የደከመው ሰውነት እንዲሁ ይዛባል።

እንግዲህ 9 ወር ዝቅተኛው ገደብ ነው። በ9ኛው ወር 1ኛ ቀን ጉልበት አይባረክም። ቀኑ ደርሶ ፈተናውን ያላለፈ ሰው ይቆያል፤ ፈተናውን በ6ኛው ወር ያለፈ ሰውም ጅማቱ ገና ነውና ይቆያል።

ጡንቻው ለምን እምቢ ይላል?

ጉልበት ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም አንጎል ለጭን የፊት ጡንቻ የሚልከውን ትእዛዝ ይቀንሳል። ስፖርተኛው ባለ በሌለ ኃይሉ ጭኑን ሊያጠብቅ ይሞክራል፤ ጡንቻው ግን የሚችለውን ያህል አይሠራም። ይህ ስንፍናም ፍርሃትም አይደለም፤ መገጣጠሚያን ለመጠበቅ የተሠራ የነርቭ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ውሃ የቋጠረ ጉልበት ላይ ክብደት መጨመር ከንቱ ድካም ነው፤ መጀመሪያ እብጠቱ መጉደል አለበት።

እብጠቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ፊዚዮቴራፒስት ካሳየው በኋላ ስፖርተኛው ራሱ በየጠዋቱ ሊሠራው ይችላል። እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ጭኑን ያላላል። በመዳፉ ከጉልበቱ የውስጥ ጎን ሥር ጀምሮ ወደ ላይ፣ ከጉልበት ሎሚ በላይ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠርጋል፤ በውስጥ በኩል ያለው ጎድጓዳ ቦታ ባዶ ይሆናል። ከዚያ በውጭ በኩል ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ይጠርግና ያንን ጎድጓዳ ቦታ ያያል። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ደረቅ ነው። ትንሽ ሞገድ ብቻ ብቅ ካለች በጣም ጥቂት ፈሳሽ አለ። ጉብ ብሎ ከሞላ 1 ደረጃ፤ ከውጭ ሳይጠርግ በራሱ ከተመለሰ 2 ደረጃ፤ ጭራሽ ተጠርጎ አልወጣ ካለ 3 ደረጃ ይባላል። 2 ደረጃ እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሩጫና ዝላይ የለም። ከትናንቱ በአንድ ደረጃ ከጨመረ የትናንቱ ሥልጠና በዝቷል፤ እብጠቱ ወደነበረበት እስኪመለስ መጠኑ ይቀነሳል። ስለ ጉልበት ማገገም አንድ ነገር ብቻ ማስተማር ቢፈቀድልን ይህንን እናስተምር ነበር።

ፈተናዎቹና ወጥመዶቻቸው

የተለመደው መስፈርት የተጎዳው እግር የጤነኛውን ቢያንስ 90 በመቶ ይሥራ የሚል ነው። ጥንካሬ በትክክል የሚለካው ዳይናሞሜትር በሚባል የኤሌክትሮኒክ ኃይል መለኪያ ነው። እሱ ከሌለ በሌግ ኤክስቴንሽን ማሽን (ተቀምጦ ጉልበትን በመዘርጋት ክብደት በሚነሳበት) ላይ አንድ እግር ለብቻው አንድ ጊዜ ማንሳት የሚችለው ትልቁ ክብደት ይመዘገባል፤ ጉልበቱ ከ90 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ማዕዘን ውስጥ ብቻ እየሠራ፤ ከዚያ በላይ ሲዘረጋ በተተከለው ጅማት ላይ የሚያርፈው ጉተታ ይጨምራልና። ቁጢጥ ብሎ መነሳትና ሌግ ፕሬስ (ክብደትን በእግር መግፋት) ለዚህ መለኪያ አይሆኑም፤ ዳሌና ባት ይረዱና የጭኑን ድካም ይሸፍኑታል።

አሁን ወጥመዱን እዩ። አንድ ተጫዋች ከቀዶ ሕክምናው በፊት በጤነኛ እግሩ 60 ኪሎ ያነሳ ነበር እንበል። በወራቱ ዕረፍት ጤነኛው እግርም ደክሞ 50 ደረሰ። የተጎዳው 45 ያነሳል። 45ን ለ50 ስናካፍል 90 በመቶ፤ ፈተናውን አለፈ። 45ን ለ60 ስናካፍል ግን 75 በመቶ ነው። ሁለት ደካማ እግሮች እኩል ስለሆኑ ብቻ “ድኗል” ተባለ። ከዚህ የሚያድነው የጤነኛውን እግር አቅም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለክቶ መጻፍና ከዚያ ጋር ማወዳደር ነው። ያ ካመለጠ ከሰውነት ክብደት ጋር ማነጻጸር ይረዳል።

የዝላይ ፈተናም እንዲሁ ያታልላል። በአንድ እግር ወደ ፊት ዘሎ በዚያው እግር ማረፍ፣ ርቀቱን በሜትር መለካት፤ በጤነኛው 160 ሴንቲ ሜትር፣ በተጎዳው 150 ከሆነ 94 በመቶ ነው፣ የሚያስደስት ቁጥር። ነገር ግን ወደ ፊት ሲዘለል ሰውነትን ከሚገፋው ሥራ የጉልበት ድርሻ 1 ስምንተኛ ገደማ ብቻ እንደሆነ ተለክቷል፤ ቀሪውን የሚሠሩት ዳሌና ቁርጭምጭሚት ናቸው። ደካማ ጉልበት ሩቅ መዝለል ይችላል። ወደ ላይ በአንድ እግር መዝለል ይበልጥ ያጋልጣል፤ እዚያ የጉልበት ድርሻ ሲሶ ያህል ይሆናል። ከርቀቱ ይልቅ ደግሞ አስተራረፉ ይታይ፦ ከፊትና ከጎን በስልክ ይቀረጽና በዝግታ ይታይ። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ከወደቀ፣ ሳይታጠፍ ደርቆ ካረፈ፣ ደረቱ ወደ ጤነኛው ጎን ከዞረ፣ ርቀቱ ምንም ያህል ቢሆን አላለፈም።

የሥነ ልቦና ዝግጁነትም ይለካል። ለዚህ የተዘጋጀ 12 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ ውጤቱ ከ100 ነው። “ጉልበቴ ይከዳኛል” ብሎ የሚፈራ ተጫዋች ሩጫውን ያቋርጣል፣ ዘግይቶ ይወስናል። ፍርሃቱን በወኔ ንግግር መሸፈን አይጠቅምም፤ ብዙ ጊዜ ጥንካሬው ሲጨምርና የሚፈራውን እንቅስቃሴ ደጋግሞ በዝግታ ሲሠራ ይቀንሳል።

የወራቱን ቅደም ተከተል ባጭሩ ለማስቀመጥ፦ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት፣ ጭኑን ማጥበቅ፣ እብጠቱን ማጉደል፤ ማነከስ እስኪቀር ከክራንች አለመላቀቅ። ከ3ኛው ወር በፊት ሩጫ የለም፤ ከዚያም በኋላ ጥንካሬው ቢያንስ 70 በመቶ ሳይደርስ አይጀመርም። ዝላይ በሁለት እግር ተጀምሮ ወደ አንድ እግር ያልፋል። አቅጣጫ መቀየር ከ5ኛው ወር ግድም፣ መጀመሪያ በታወቀ መስመር፣ በኋላ ሌላ ሰው በሚሰጠው ምልክት። ከቡድኑ ጋር ያለ ግጭት መሥራት ከ7ኛው ወር፤ ቀጥሎ ከግጭት ጋር። ሜኒስከሱ ከተሰፋ የመጀመሪያው 4–6 ሳምንት ይለወጣል፦ ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ ይከለከላል፣ ክራንቹም ይቆያል።

ስለ ታላላቆቹ የምንሰማው

ብራዚላዊው ሮናልዶ ኖቬምበር 1999 ለኢንተር ሚላን ሲጫወት የቀኝ ጉልበቱ ሎሚ ሥር ያለው ጅማት ተጎዳና ቀዶ ሕክምና አደረገ። ኤፕሪል 12 ቀን 2000፣ 5 ወር ሳይሞላው፣ በጣሊያን ዋንጫ ፍጻሜ ላዚዮን ሲገጥሙ ተቀይሮ ገባ። 7 ደቂቃ ያህል እንደተጫወተ፣ ኳሷ ላይ እግሩን ሲያሾር፣ ማንም ሳይነካው ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ተበጠሰ። ቀጣዩን የውድድር ዘመን ሙሉውን አልተጫወተም። የሱ ጉዳት ኤሲኤል ባይሆንም ሕጉ አንድ ነው፤ ያልጠና ጅማት ሸክም የሚፈተንበትን ቀን አይመርጥም። በሁለተኛው ጊዜ ረጅም ጊዜ ወስዶ ተመልሶ በ2002 የዓለም ዋንጫ 8 ጎል አገባ።

በተቃራኒው የሚጠቀሰው ኳስ በእጅ ተይዞ በሚሮጥበት የአሜሪካ ፉትቦል የሚታወቀው ኤድሪያን ፒተርሰን ነው። ዲሴምበር 24 ቀን 2011 የግራ ጉልበቱ ኤሲኤል ተበጠሰ፤ በሴፕቴምበር 2012 የመጀመሪያውን ጨዋታ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት 2,097 ያርድ ሮጦ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወጣት መለኪያው እሱ ሆነ። ግን እሱን የምናስታውሰው እጅግ ያልተለመደ ስለሆነ ነው፤ በ8ኛው ወር ተመልሰው ዳግም የተሰበሩትን የሚቆጥርልን የለም። የአውሮፓን የወንዶች ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ለ15 ዓመት የተከታተለ ጥናት ኤሲኤል ከተበጠሰባቸው መካከል ከ3 ዓመት በኋላ በላይኛው ደረጃ የሚጫወቱት 65 በመቶው ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በ1 ዓመት ውስጥ ተመልሰው የነበሩ ቢሆንም።

የሆላንዱ ተከላካይ ቪርጂል ቫን ዳይክ ኦክቶበር 2020 ኤሲኤሉ ሲጎዳ በቀጣዩ ክረምት የአውሮፓ ዋንጫ ነበረበት። አምበል የሆነበትን ብሔራዊ ቡድን ትቶ ቀረ፤ ወደ ውድድር የተመለሰው በ10ኛው ወር፣ ኦገስት 2021 ነው። ይህ ውሳኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያላለፈበት ሰው አይገምተውም።

የበረዶ ሸርተቴዋ ሊንዚ ቮን ደግሞ 9 ወር ዋስትና እንዳልሆነ ታሳያለች። ፌብሩዋሪ 2013 በዓለም ሻምፒዮና ወድቃ የቀኝ ጉልበቷ ጅማቶች ተበጠሱ። በ9ኛው ወር ሥልጠና ላይ ዳግም ወድቃ የተተከለላት ጅማት በከፊል ተቀደደ፤ የ2014ቱ የሶቺ ኦሎምፒክ አመለጣት። በ2024 የቀኝ ጉልበቷ በከፊል በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተተክቷል።

ከ10 ዓመት በኋላ የሚመጣው

የስዊድን ሴት እግር ኳስ ተጫዋቾች ኤሲኤላቸው ከተበጠሰ ከ12 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ አማካይ ዕድሜያቸው 31 ነበር። ግማሾቹ በራጅ የሚታይ የመገጣጠሚያ መበላት፣ ኦስቲኦአርትራይተስ፣ ነበረባቸው። የወንዶቹ ከ14 ዓመት በኋላ ሲታይ ከ10 ስምንት ያህሉ ራጃቸው ላይ ለውጥ ነበር። 31 ዓመት ልጅ አዝሎ ደረጃ የሚወጣበት ዕድሜ ነው።

እዚህ ላይ መታመን ያለበት ነገር አለ፦ ቀዶ ሕክምናም፣ ትዕግሥትም ይህን አደጋ ሙሉ በሙሉ አያስቀሩም። የመጀመሪያው ግጭት በልም አጥንቱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ተደርጓል። ልም አጥንት የደም ሥር ስለሌለው ራሱን በደንብ አይጠግንም። ግን መበላቱን የሚያፋጥኑት ነገሮች ይታወቃሉ፤ ዋነኞቹ ሁለተኛ ጉዳት፣ የሜኒስከስ መጥፋት፣ ደካማ የጭን ጡንቻና የክብደት መጨመር ናቸው። ቀድሞ መመለስ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ይጠራል።

ሜኒስከስን ለብቻው እንየው። ሰው ሲራመድ በየእርምጃው ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ነው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ እርምጃ 200 ኪሎ ያህል። ሜኒስከስ ይህን ሸክም ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያከፋፍለዋል። ሲቀደድ ሐኪሙ ሁለት መንገድ አለው፦ የተቀደደውን ቆርጦ ማውጣት ወይም መስፋት። የተቆረጠለት ተጫዋች ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ የተሰፋለት ከ4 እስከ 6 ወር ይጠብቃል። ውድድር የቀረበበት ስፖርተኛ “ቁረጡልኝ” ማለቱ አያስገርምም። ግን የተቆረጠው ሜኒስከስ አይበቅልም፤ ያው 200 ኪሎ ከእንግዲህ በጠበበ ቦታ ላይ ያርፋል፣ በቀን በሺዎች ጊዜ። ሁሉም ቀዳዳ አይሰፋም፤ ደም የሚያገኘው የሜኒስከሱ ውጨኛ ጠርዝ ስለሆነ ስፌት በደንብ የሚይዘው እዚያ ነው። መስፋት የሚቻል ሲሆን ግን ይሰፋ፤ ወራቱ ይለፉ። ከቀዶ ሕክምና በፊት ለሐኪሙ የሚቀርበው ዋና ጥያቄ ይህ ነው፤ “መቼ እመለሳለሁ?” ከሚለው ይቅደም።

“በኋላ ጉልበቴን አስቀይራለሁ” የሚልም ይኖራል። ሰው ሠራሽ ጉልበት ለ70 ዓመት አዛውንት ትልቅ እፎይታ ነው። በ50ዎቹ መጀመሪያ ካስቀየሩ ወንዶች ግን 35 በመቶ ያህሉ በዕድሜያቸው ዳግም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ከጨዋታ በፊት የሚሰጥ ማደንዘዣ መርፌና የሕመም ማስታገሻ እንክብል ጉልበቱን አያጠነክሩም፤ የሚያስጠነቅቀውን ድምፅ ያጠፋሉ። ተደጋጋሚ የስቴሮይድ መርፌ ልም አጥንትን እንደሚያሳሳም ታይቷል። ጉልበት ላይ የሚታሰር ብሬስ ደግሞ የደኅንነት ስሜት ይሰጣል እንጂ ያልበሰለ ጅማትን ከመበጠስ እንደሚያድን ማስረጃ የለውም።

የመመለሻው ቀን ሲደርስ

ውሳኔው በአሰልጣኙ ወይም በተጫዋቹ ብቻ መሰጠት የለበትም፤ ሁለቱም የሚያጓጓቸው ነገር አለ። ፈተናውን የሚሰጠው ፊዚዮቴራፒስትና ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ሐኪም ውጤቱን በጽሑፍ ይስጡ፤ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ግፊቱ ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ጨዋታ 90 ደቂቃ አይሁን። 15 ወይም 20 ደቂቃ፣ በቀጣዩ 30፣ ከዚያ ግማሽ ጨዋታ። ከጨዋታው በፊት እንደ ፊፋ 11 ፕላስ ያለ 20 ደቂቃ የሚወስድ ማሟሟቂያ ይሠራ፤ ሩጫ፣ ጥንካሬ፣ ሚዛንና አስተራረፍ የያዘ ነው፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሲዘወተር ጉዳትን እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። የጭን ጥንካሬ ሥልጠናው ሜዳ በመግባት አያበቃም፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ዳግም የመጎዳት አደጋው ከፍ ብሎ በሚቆይባቸው ሁለት ዓመታት ሁሉ ይቀጥላል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ ማግስት ጠዋት ደግሞ፣ ከአልጋ ሳይነሳ፣ እግሩን ዘርግቶ በመዳፉ ጉልበቱን ይጥረግ፤ ጎድጓዳው ቦታ ከሞላ ለቀጣዩ ጨዋታ ስሙ አይመዝገብ።